ኳድራቲክ «አልገጥም» ሲል፦ ያለ ግምት ፋክተር ማድረግ

ቀ² + 6ቀ + 5 የሚለውን መግለጫ ውሰዱ። በትምህርት ቤት ኤክስ የምትሉትን በዚህ ጽሑፍ ቀ እያልኩ እጽፈዋለሁ። ድምራቸው 6፣ ብዜታቸው 5 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች 1 እና 5 ስለሆኑ መግለጫው በብዜት ሲጻፍ (ቀ + 1)(ቀ + 5) ይሆናል። አሁን የመጨረሻውን 5 አንሡና በምትኩ ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች በየተራ አስገቡ። በድፍን ቁጥሮች የሚገጥሙት ሦስት ብቻ ናቸው፤ 5፣ 8 እና 9 የገቡባቸው። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 ወይም 7 ሲገባ የቱንም ያህል ብትሞክሩ ሁለት ድፍን ቁጥር አታገኙም። ከ9 በላይ ከሄዳችሁ ደግሞ አንድም የሚገጥም የለም።

እንግዲህ የማይገጥሙት ይበዛሉ። የመማሪያ መጻሕፍት መልመጃዎች በአብዛኛው እንዲገጥሙ ተመርጠው ስለሚሰጡ ተማሪው የሚገጥመውን እንደ ደንብ፣ የማይገጥመውን እንደ እንከን ያየዋል። አንድ ቀን ቀ² + 6ቀ + 7 ሲሰጠው 7ን በ1 ያባዛል፣ ይደምራል፣ 8 ይመጣበታል፣ ምልክት ይቀይራል፣ ከዚያ «አይቻልም» ብሎ ያልፋል። «አይቻልም» ግን ግማሽ መልስ ነው። በየትኞቹ ቁጥሮች ነው የማይቻለው? በድፍን ቁጥሮች? በንጥጥር ቁጥሮች? በገሃዳዊ ቁጥሮች? ይህ ሳይነገር መልሱ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ቀ² + 6ቀ + 7 በድፍን ቁጥሮች ፋክተር አይሆንም፤ በገሃዳዊ ቁጥሮች ግን በሦስት መስመር ሥራ ይሆናል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ግምት አይጠይቅም። ለሚገጥመውም ለማይገጥመውም አንድ ነው። በግምት መጀመርን እንደ ዋና ዘዴ ማስተማር ተማሪውን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ግምት ሲሳካ እንጂ ሳይሳካ ምንም አይነግረንም።

መጀመሪያ መግለጫውን አዘጋጁ

ቁሞቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ በመጀመሪያ የቀ² ቁም፣ ቀጥሎ የቀ፣ በመጨረሻ ብቻውን የቆመው ቁጥር። አጠቃላይ መልኩን እንዲህ እንጽፈዋለን፦

ሀቀ² + ለቀ + መ

ሀ፣ ለ እና መ የታወቁ ቁጥሮች ናቸው፣ አባዢዎች እንላቸዋለን፤ ሀ ዜሮ አይደለም። ሦስቱንም የሚያካፍል የጋራ ቁጥር ካለ አውጡት። መሪው ቁም ኔጋቲቭ ከሆነ ምልክቱንም አብራችሁ አውጡ፦

−2ቀ² + 8ቀ + 4 = −2(ቀ² − 4ቀ − 2)

ክፍልፋይ ካለም እንዲሁ፦

½ቀ² + ቀ − 3 = ½(ቀ² + 2ቀ − 6)

እዚህ ላይ ብዙ ነጥብ የሚያስጥል ነገር አለ። ከውጭ ያወጣችሁት −2 ወይም ½ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አብሮ መሄድ አለበት። እኩልታ ሲሆን፣ ማለትም በቀኝ በኩል «= 0» ሲኖር፣ ሁለቱንም ወገን በ−2 አካፍላችሁ መጣል ትችላላችሁ፤ ዜሮ ዜሮ ላልሆነ ለማንኛውም ቁጥር ቢካፈል ዜሮ ነውና። መግለጫ ብቻውን ሲሆን ግን የሚካፈል ሌላ ወገን የለውም። ቁጥሩን ከጣላችሁት ሌላ መግለጫ ጻፋችሁ ማለት ነው።

ከመሞከር በፊት ፍረዱ

አሁን ይህን ቁጥር አስሉ፦

ለ² − 4ሀመ

ዲስክሪሚናንት የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ቁጥር የሚያገኘው የኳድራቲክ ቀመር ውስጥ፣ ከዳግም ዘር ምልክቱ ሥር ተቀብሮ ስለሆነ የቀመሩ ቁራጭ ብቻ ይመስለዋል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ገና ምንም ሳትሠሩ ፍርዱን መስጠቱ ነው። ሀ፣ ለ እና መ ድፍን ቁጥሮች ከሆኑ እንዲህ ይነበባል።

ውጤቱ ሙሉ ዳግም ርቢ ከሆነ፣ ተማሪዎች እንደሚሉት ፐርፌክት ስኩዌር፣ መግለጫው በድፍን ቁጥሮች ፋክተር ይሆናል፤ እስክታገኙት አትተዉት። ዜሮ ከሆነ ሁለቱ ፋክተሮች አንድ ዓይነት ናቸው። ፖዘቲቭ ሆኖ ሙሉ ዳግም ርቢ ካልሆነ ፋክተሮቹ አሉ፤ ነገር ግን ዳግም ዘር ይዘው ነው የሚመጡት። ኔጋቲቭ ከሆነ በገሃዳዊ ቁጥሮች ፋክተር የለውም።

አንድ ቁጥር ሙሉ ዳግም ርቢ መሆኑን ለመለየት ፈጣን ማጣሪያ አለ። በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 የሚያልቅ ድፍን ቁጥር ፈጽሞ ሙሉ ዳግም ርቢ አይሆንም። በሌሎቹ አሃዞች የሚያልቅ ከሆነ ግን ሊሆንም ላይሆንም ስለሚችል በአቅራቢያው ያሉትን ዳግም ርቢዎች ማየት ያስፈልጋል።

ፍርዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ በዚህ ምሳሌ እዩት፦

12ቀ² + 11ቀ − 56

ሲታይ ተስፋ ያስቆርጣል። በተለመደው መንገድ የ12 እና የ56 ብዜት 672 ነው፤ 672 ደግሞ 12 ጥንድ አካፋዮች አሉት። ከዚያ ውስጥ የትኛው ጥንድ 11 እንደሚሰጥ መፈለግ ነው። ዲስክሪሚናንቱን ብታሰሉ ግን 11² + 4 × 12 × 56 = 121 + 2688 = 2809 ይመጣል። 50 በ50 2500 ስለሆነ ከ50 ትንሽ ከፍ ብላችሁ ብትሞክሩ 53 × 53 = 2809 ታገኛላችሁ። ስለዚህ ይገጥማል።

ይህም ብቻ አይደለም። ያንኑ 53 ወስዳችሁ የምትፈልጓቸውን ሁለት ቁጥሮች በቀጥታ ማግኘት ትችላላችሁ፤ (11 + 53) ÷ 2 = 32 እና (11 − 53) ÷ 2 = −21። ድምራቸው 11፣ ብዜታቸው −672 ነው። እንግዲህ 11ቀን ለሁለት ክፈሉት፦

12ቀ² + 32ቀ − 21ቀ − 56
= 4ቀ(3ቀ + 8) − 7(3ቀ + 8)
= (4ቀ − 7)(3ቀ + 8)

አንድም ግምት አልተጠቀምንም። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ለምን በዚህ መንገድ እንደተገኙ ቀጥሎ ይታያል።

የድምሩን ግማሽ ያዙ

ወደ ቀ² + 6ቀ + 7 እንመለስ። ዲስክሪሚናንቱ 36 − 28 = 8 ነው። ፖዘቲቭ ነው፣ ግን ሙሉ ዳግም ርቢ አይደለም። ስለዚህ ፋክተሮቹ በእርግጥ አሉ፤ በድፍን ቁጥሮች ዘንድ ግን መፈለግ ከሌለበት መፈለግ ነው።

የምንፈልገው ድምራቸው 6፣ ብዜታቸው 7 የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ነው። ድምራቸው 6 ከሆነ አማካያቸው 3 ነው። ስለዚህ አንዱ ከ3 በሆነ መጠን ይበልጣል፣ ሌላው በዚያው መጠን ያንሳል። መጠኑን ሠ እንበለው። ቁጥሮቹ 3 + ሠ እና 3 − ሠ ናቸው። ሲባዙ 9 − ሠ² ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ 7 መሆን አለበት። ስለዚህ ሠ² = 2፣ ሠ = √2። አለቀ፦

ቀ² + 6ቀ + 7 = (ቀ + 3 + √2)(ቀ + 3 − √2)

ግምቱን ያስቀረልን አንድ ሐሳብ ነው፤ ድምሩ የታወቀ ሁለት ቁጥር ከግማሹ እኩል ርቀት ላይ ይቆማል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የጥንት ባቢሎናውያን ከ3500 ዓመታት በፊት በሸክላ ጽላት ላይ የድምርና የብዜት ጥያቄዎችን የፈቱት ከድምሩ ግማሽ እየተነሡ ነው። በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የሆነው ፖ-ሼን ሎህ በ2019 ይህንኑ አካሄድ ለክፍል ትምህርት በሚመች መልክ አቅርቦት በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል። እኔም ከኳድራቲክ ቀመር በፊት ይህ ቢሰጥ እመርጣለሁ፤ ቀመሩን የረሳ ተማሪ ይህን መንገድ በራሱ አስቦ ሊደርስበት ይችላልና።

ነገሩን በሥዕል ማየት ለሚወድ ደግሞ ሌላ በር አለ። ቀ² ጎኑ ቀ የሆነ ካሬ ነው። 6ቀ አንድ ጎኑ 6፣ ሌላ ጎኑ ቀ የሆነ ሬክታንግል ነው። ሬክታንግሉን መሀል ለመሀል ሰንጥቃችሁ ወርዳቸው 3 የሆኑ ሁለት ቁራጮች አድርጉት፤ አንዱን በካሬው ቀኝ፣ ሌላውን ከታች አስጠጉ። ጎኑ ቀ + 3 የሆነ ትልቅ ካሬ ሊሆን ሲል አንድ ማዕዘን ላይ 3 በ3 የሆነ ቦታ ይጎድለዋል። ያ ቦታ 9 ነው። እኛ ያለን 7 ስለሆነ ለመሙላት 2 ያንሰናል፦

ቀ² + 6ቀ + 7 = (ቀ + 3)² − 2

ካሬ መሙላት ይሉታል። በግራ ካሬ አለ፣ የሚቀነሰው 2 ደግሞ የ√2 ካሬ ነው፤ የሁለት ካሬዎች ልዩነት ሁልጊዜ በብዜት ይጻፋልና ያንኑ መልስ ታገኛላችሁ። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ820 አካባቢ በባግዳድ በጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ፣ ዛሬ ቀ² + 10ቀ = 39 ብለን የምንጽፈውን ጥያቄ በዚህ ሥዕል ነው ያስረዳው። ማዕዘኑ ላይ 25 ሞላ፣ 39 እና 25 ተደምረው 64 ሆኑ፣ የካሬው ጎን 8 ሆነ፣ ቀ ደግሞ 3። ኔጋቲቩን መልስ፣ −13ን፣ አልቆጠረም፤ በዘመኑ ኔጋቲቭ ቁጥር እንደ መልስ አይቀርብም ነበር። ከእሱ በኋላ የተነሣው ግብፃዊው አቡ ካሚል ደግሞ ዳግም ዘር ያለባቸውን ቁጥሮች እንደ ማንኛውም ቁጥር እየደመረና እያባዛ መልስ አድርጎ ተቀበላቸው። ዛሬ √2 መልሱ ላይ ሲመጣ «ተሳስቼ ይሆን?» ብላችሁ የምትደነግጡ ሁሉ ይህ ቁጥር በአልጀብራ ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ እንደቆየ አስታውሱ።

የመካከለኛው ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን

ሥራው አይለወጥም፤ ክፍልፋይ ብቻ ይጨመራል። ቀ² − 5ቀ + 3ን ውሰዱ። ድምራቸው 5፣ ብዜታቸው 3 የሆኑ ቁጥሮችን እንፈልግና ከቀ እንቀንሳቸው። ግማሹ 5/2 ነው። የግማሹ ካሬ 25/4፤ ከዚያ ላይ 3 ሲቀነስ 13/4 ይቀራል። ስለዚህ ሠ = √13/2 ነው፦

ቀ² − 5ቀ + 3 = (ቀ − (5 + √13)/2)(ቀ − (5 − √13)/2)

እዚህ ላይ ምልክት በጥንቃቄ ይታይ። ሁለተኛው ቅንፍ ሲፈታ ቀ − 5/2 + √13/2 ይሆናል፤ የውስጡ መቀነሻ ከውጩ መቀነሻ ጋር ተገናኝቶ መደመሪያ ሆኗል። ቀ − 5/2 − √13/2 ብሎ የጻፈ አንዱን ፋክተር ሁለት ጊዜ ጻፈ ማለት ነው።

ከቀ² ፊት ሌላ ቁጥር ሲኖር

ይህ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ። 2ቀ² + 8ቀ + 5ን እንሥራ። ዲስክሪሚናንቱ 64 − 40 = 24። ፖዘቲቭ ነው፣ ሙሉ ዳግም ርቢ አይደለም። 5 ለ2 እኩል ባይካፈልም 2ን ከሁሉም አውጡ፦

2(ቀ² + 4ቀ + 5/2)

ቅንፉ ውስጥ ያለው አሁን የምታውቁት ዓይነት ነው። የ4 ግማሽ 2፤ የ2 ካሬ 4፤ 4 − 5/2 = 3/2። ሠ የ3/2 ዳግም ዘር ነው፤ ይህም ሲስተካከል √6/2 ይሆናል፣ ምክንያቱም 3/2 እና 6/4 እኩል ናቸው።

2ቀ² + 8ቀ + 5 = 2(ቀ + 2 + √6/2)(ቀ + 2 − √6/2)

በቀመሩ መሥራት የሚመርጥ ሰው (−8 ± √24)/4 ላይ ይደርሳል። √24 ማለት 2√6 ስለሆነ ላይና ታቹን ለ2 አካፍሎ −2 ± √6/2 ያገኛል። ሁለት ስሕተቶች እዚህ ይደጋገማሉ። አንደኛው 8ን ለ4 አካፍሎ 2√6ን ሳያካፍሉ መተው ነው፤ የክፍልፋዩ መስመር ከላይ ያለውን ሁሉ ይገዛል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሥሮቹን አግኝቶ ፋክተሮቹን ሲጽፍ ከፊት ያለውን 2 መርሳት። ሥሮቹ የሚነግሯችሁ መግለጫው ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ ብቻ ነው። ቀ² + 4ቀ + 5/2 እና 2ቀ² + 8ቀ + 5 ሥሮቻቸው አንድ ናቸው፣ ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። መሪውን ቁጥር ሥሮቹ አያውቁትም፤ እናንተ ናችሁ የምትጨምሩት።

በሁለት ፊደል የተጻፈም ቢመጣ አትደንግጡ። ቀ² + 6ቀየ + 7የ² ሲሰጣችሁ 3 + √2 እና 3 − √2 እንደነበሩ ሆነው የ ብቻ ይከተላቸዋል፦ (ቀ + (3 + √2)የ)(ቀ + (3 − √2)የ)።

ዲስክሪሚናንቱ ኔጋቲቭ ሲሆን

የሚላኑ ሐኪምና የሒሳብ ሰው ጂሮላሞ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ባሳተመው «አርስ ማግና» በተባለ መጽሐፉ አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ 10ን ብዜታቸው 40 በሚሆን ሁለት ክፍል ክፈል። በእኛ አጻጻፍ ቀ² − 10ቀ + 40ን ፋክተር አድርግ እንደማለት ነው።

በግማሽ ዘዴ እንሂድ። ግማሹ 5 ነው፤ ቁጥሮቹ 5 + ሠ እና 5 − ሠ፤ ብዜታቸው 25 − ሠ²። ሠ ምንም ገሃዳዊ ቁጥር ቢሆን ሠ² ከዜሮ አያንስም፤ ስለዚህ ብዜቱ ከ25 ሊበልጥ አይችልም። ድምራቸው 10 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ትልቁን ብዜት የሚሰጡት እኩል ሲሆኑ ነው። 40 ከአቅም በላይ ነው። መግቢያው ላይ ከ9 በላይ አንድም የሚገጥም የለም ያልኩበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ የ6 ግማሽ 3፣ ትልቁ ብዜት 9።

ካርዳኖ ግን አላቆመም። ሠ² = −15 ብሎ ቀጠለና 5 + √−15 እና 5 − √−15 ጽፎ አባዛቸው። 25 − (−15) = 40 መጣለት። ራሱ እንደ ረቂቅና ጥቅም የለሽ ነገር ቢያየውም ኮምፕሌክስ ቁጥር ወደ አልጀብራ የገባበት አንዱ በር ይህ ነው።

እናንተስ ምን ትጽፋላችሁ? እንደ ጥያቄው ነው። ቀ² + 4ቀ + 13 ተሰጣችሁ እንበል፤ ዲስክሪሚናንቱ 16 − 52 = −36። ትምህርታችሁ በገሃዳዊ ቁጥሮች ላይ ከሆነ መልሱ «በገሃዳዊ ቁጥሮች ፋክተር አይሆንም፤ ዲስክሪሚናንቱ −36 ነውና» የሚል ነው። ይህ ከነምክንያቱ የተሟላ መልስ ነው። ከዚያም ካሬውን ሙሉ፦

ቀ² + 4ቀ + 13 = (ቀ + 2)² + 9

ይህ መልክ ብዙ ይናገራል። ካሬ ከዜሮ ስለማያንስ መግለጫው ከ9 በታች ፈጽሞ አይወርድም፤ ቀ = −2 ሲሆን 9 ላይ ይደርሳል። ትልቁን ወይም ትንሹን ዋጋ ፈልጉ ስትባሉ የሚረዳችሁ ፋክተር ሳይሆን ይህ መልክ ነው፤ ለሚገጥሙትም ጭምር። ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ከተፈቀዱ ደግሞ፣ ኢ² = −1 የሚሆንበትን ኢ ይዘን፣ 9ን −(3ኢ)² እናደርገውና

(ቀ + 2 + 3ኢ)(ቀ + 2 − 3ኢ)

ብለን እንጨርሳለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኳድራቲክ መሰል አራተኛ ዲግሪ

ቀ⁴ + 4 ሲመጣ ቀ²ን በሌላ ፊደል ተክቶ እንደ ኳድራቲክ ማየት የተለመደ ነው። ዘ = ቀ² ብትሉ ዘ² + 4 ይሆናል፤ ዲስክሪሚናንቱ −16። በዚህ ብቻ «አይሆንም» ብትሉ ተሳስታችኋል። ይህን አስተውሉ፦

ቀ⁴ + 4 = ቀ⁴ + 4ቀ² + 4 − 4ቀ² = (ቀ² + 2)² − (2ቀ)²
= (ቀ² + 2ቀ + 2)(ቀ² − 2ቀ + 2)

ምንም ዳግም ዘር ሳይገባ በድፍን ቁጥሮች ተበተነ። ይህ መንገድ በፈረንሳዊቷ የሒሳብ ሊቅ በሶፊ ዠርማን (1776–1831) ስም ይጠራል። ዲስክሪሚናንቱ የነገረን በዘ ፋክተር እንደማይሆን ብቻ ነበር፤ ስለ ቀ አልተናገረም። ካሬውን ለመሙላት የመካከለኛውን ቁም መርጦ መደመርና መቀነስ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ለእኔ ከአልጀብራ ሁሉ ቆንጆው መስመር ይህ ነው።

የተገኙት ሁለት ኳድራቲኮች ዲስክሪሚናንታቸው 4 − 8 = −4 ስለሆነ በገሃዳዊ ቁጥሮች ከዚያ ወዲያ አይበተኑም። በአጠቃላይም እንዲህ ነው፤ አባዢዎቹ ገሃዳዊ የሆኑ ማንኛውም ፖሊኖሚያል ቢበተን ቢበተን የሚያርፈው በአንደኛ ዲግሪ ፋክተሮችና ዲስክሪሚናንታቸው ኔጋቲቭ በሆኑ ኳድራቲኮች ላይ ነው። ይህ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1799 በዶክትሬት ጽሑፉ ካነሣው የአልጀብራ መሠረታዊ ቴዎረም የሚከተል ነው።

መልሳችሁን ፈትኑ

ቅንፎቹን በሙሉ ማባዛት ይቻላል፤ ግን አጭር መንገድ አለ። መሪው ቁጥር 1 ሲሆን በቅንፎቹ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ደምሩ፤ የመካከለኛውን ቁጥር መስጠት አለባቸው። አባዟቸው፤ የመጨረሻውን። ዳግም ዘሮቹ ሲደመሩ ይጣፋሉ፣ ሲባዙም ይጠፋሉ። ካልጠፉ ስሕተት አለ። መሪው ቁጥር ሌላ ከሆነ ድምሩንም ብዜቱንም በእሱ አባዙ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ 2 × 4 = 8 እና 2 × (4 − 6/4) = 5። ይህን የሥሮችና የአባዢዎች ዝምድና በግልጽ ካሳዩት አንዱ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቪየት (1540–1603) ነው።

በመልሱ ላይ √2ን እንዳለ ተዉት። 1.41 ብላችሁ ብትተኩት 3 + 1.41 እና 3 − 1.41 ሲባዙ 7.0119 ይሰጣሉ፤ መግለጫው 7 ሳይሆን ሌላ ሆነ ማለት ነው። ዴሲማል ለመፈተኛ ይጠቅማል። ቀ = 1 ብትሉ ቀ² + 6ቀ + 7 ዋጋው 14 ነው፤ በካልኩሌተር 5.4142 × 2.5858 ስታባዙ ወደ 14 እጅግ የተጠጋ ቁጥር ማየት አለባችሁ።

ለመለኪያ ወይም ለምሕንድስና ሥራ ዴሲማል ግድ ሲሆን ደግሞ አንድ ወጥመድ ጠብቁ። ቀ² − 1000ቀ + 1ን እንይ። ግማሹ 500፣ ሠ የ249999 ዳግም ዘር፣ በአራት ዴሲማል 499.9990። ትልቁ ቁጥር 999.9990 ሆኖ ይወጣል፤ ትንሹን ለማግኘት 500 − 499.9990 ብትቀንሱ 0.0010 ብቻ ይቀራችኋል፤ የያዛችኋቸው አሃዞች በመቀነሱ አብዛኞቹ ጠፉ። ይልቅ የሁለቱ ብዜት 1 መሆኑን ተጠቀሙና 1ን ለ999.999 አካፍሉ፤ 0.001000001 ታገኛላችሁ። ሁልጊዜ ትልቁን በመደመር፣ ትንሹን በማካፈል አግኙ።

እጃችሁን ፈትሹ

እነዚህን አራቱን ከመሥራታችሁ በፊት ዲስክሪሚናንታቸውን ብቻ አስልታችሁ የእያንዳንዱን ዕጣ ጻፉ፤ ከዚያ ሥሩ።

1. ቀ² − 8ቀ + 11
2. 5ቀ² + 2ቀ − 1
3. 15ቀ² − 26ቀ − 21
4. 2ቀ² − 6ቀ + 7

የመጀመሪያው ዲስክሪሚናንት 20 ነው፤ መልሱ (ቀ − 4 − √5)(ቀ − 4 + √5)። የሁለተኛው 24 ነው፤ መልሱ 5(ቀ + (1 + √6)/5)(ቀ + (1 − √6)/5)። ሦስተኛው ያስፈራል እንጂ ዲስክሪሚናንቱ 1936፣ ማለትም 44 × 44 ስለሆነ ይገጥማል፤ (3ቀ − 7)(5ቀ + 3)። አራተኛው −20 ስለሚሰጥ በገሃዳዊ ቁጥሮች ፋክተር የለውም፤ ካሬው ሲሞላ 2(ቀ − 3/2)² + 5/2 ይሆናል።

መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ድብልቅ መልመጃ ስጡ። አሥር ጥያቄ ሁሉም የሚገጥም ከሆነ ተማሪው የሚለማመደው ግምትን ነው። ከአሥሩ አራት አምስቱ የማይገጥሙ ቢሆኑና በየትኞቹ ቁጥሮች እንደማይገጥሙ እንዲጽፍ ቢጠየቅ ግን መፍረድን ይለማመዳል።